ኢ.አር.ፒ. የተባለውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም በመሥሪያ ቤት ውስጥ ስለ መትከል

መግቢያ

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የግዥ፣ የንብረት፣ የሒሳብ፣ የሠራተኛ አስተዳደርና የሽያጭ ክፍሎች የየራሳቸው መዝገብ አላቸው። እነዚህን መዛግብት ኹሉ አያይዞ እንደ አንድ መዝገብ እንዲያሠራ የተዘጋጀው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ስሙ ምኅጻር «ኢ.አር.ፒ.» ይባላል፤ በአማርኛም «የድርጅት ሀብት ማቀጃ» ልንለው እንችላለን። ዛሬ ባንኮች፣ ፋብሪካዎች፣ ማዘጋጃ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በብዙ ገንዘብ ይገዙታል። ከገዙትም መካከል አንዳንዶቹ ሥራቸው ሲቃናላቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከመግዛታቸው በፊት ይሠሩት የነበረውን እንኳ መሥራት ሲያቅታቸው ይታያል። ፕሮግራሙ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ለምን ይለያያል? በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው።

የምንደርስበትን ዐሳብ ከወዲሁ ብንገልጸው ለአንባቢ ይቀላል። በየመሥሪያ ቤቱ በደንብና በመመሪያ ከተጻፈው ሥራ ሌላ፣ ሠራተኛው በልምድ ብቻ የሚያውቀው ያልተጻፈ ሥራ አለ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ግን የተጻፈለትን ብቻ ነው። ስለዚህ ያልተጻፈውን ሥራ አስቀድሞ ፈልጎ ያገኘና ስለ እርሱም ቍርጥ ውሳኔ የሰጠ መሥሪያ ቤት ተከላው ይሰምርለታል። አስቀድሞ ያልፈለገው ግን በተከላው ማግስት ያገኘዋል፤ ያን ጊዜም ዋጋው እጅግ የበዛ ይሆናል። ይህንን ከልዩ ልዩ አገሮች በተወሰዱ ምሳሌዎች ለማስረዳት እንሞክራለን። በምሳሌዎቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የፕሮግራሙ አመጣጥና አሠራር

የነገሩ መነሻ የፋብሪካ ዕቃ አቈጣጠር ነው። በ1964 ዓ.ም. በአሜሪካ ዮሴፍ ኦርሊኪ የተባሉ መሐንዲስ አንድ ፋብሪካ ለሚያመርተው ዕቃ ምን ያህል ጥሬ ዕቃ በየትኛው ቀን እንደሚያስፈልገው በኮምፒዩተር የሚታሰብበትን ዘዴ አዘጋጁ። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ አይ.ቢ.ኤም. ከተባለው ኩባንያ የወጡ አምስት ሰዎች በጀርመን አገር ኤስ.ኤ.ፒ. የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። የእነርሱም ዐላማ የሒሳቡንና የዕቃውን መዝገብ በአንድነት የሚይዝ፣ ለብዙ ድርጅቶች የሚሸጥ ዝግጁ ፕሮግራም መሥራት ነበር። «ኢ.አር.ፒ.» የሚለውን ስም ያወጣው ጋርትነር የተባለው የአሜሪካ የምርመራና የምክር ድርጅት ሲሆን ዘመኑም 1990 ዓ.ም. ነው። ከኹለት ዓመት በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም.፣ ኤስ.ኤ.ፒ. «አር ሦስት» ያለውን ፕሮግራም አወጣ፤ ይህም በዓለም ላይ ባሉ ታላላቅ ድርጅቶች ዘንድ በፍጥነት ተሠራጨ።

አሠራሩን በአገራችን በሚታወቅ ነገር እናስረዳ። አንድ መሥሪያ ቤት 100 ኩንታል ዱቄት ገዛ እንበል። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ዱቄቱን ሲረከብ የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ማለት ሞዴል 19፣ ይቈርጣል፤ በቢን ካርዱም ላይ ይመዘግባል። የደረሰኙ ቅጂ ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄዳል፤ የሒሳብ ሠራተኛውም ከግዥ ትእዛዙና ከሻጩ የዋጋ መጠየቂያ ጋር አስተያይቶ በራሱ መዝገብ እንደገና ይጽፋል። ስለዚህ አንዱ ዱቄት በሦስት ቦታ ይመዘገባል፤ ሦስቱ መዛግብት ሳይስማሙ ቢቀሩም ስሕተቱ የሚታወቀው በዓመቱ መጨረሻ ቈጠራ ጊዜ ነው።

በኢ.አር.ፒ. ግን ዕቃ ግምጃ ቤቱ የተረከበውን አንድ ጊዜ ብቻ ያስገባል። ወዲያው የክምችቱ ቍጥር ይጨምራል፤ በሒሳብ መዝገቡ ላይ የንብረቱ ዋጋና ለሻጩ የሚከፈለው ዕዳ ይጻፋል፤ የግዥ ክፍሉም ትእዛዙ መፈጸሙን ያያል። ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። ትልቁም አደጋው ከዚሁ ይወለዳል፤ አንዱ ሠራተኛ የሚያስገባው ስሕተት በአንድ ቅጽበት ወደ ሌሎቹ መዛግብት ኹሉ ይዛመታልና።

ከዚህም ሌላ ፕሮግራሙ የራሱ ሥርዐት አለው። ለምሳሌ የጸደቀ የግዥ ትእዛዝ ከሌለ ዕቃውን አልቀበልም ሊል ይችላል። በብዙ ግምጃ ቤቶች ግን ዱቄቱን የጫነው መኪና ትእዛዙ ሳይፈረም ይደርሳል፤ ንብረት ጠባቂውም ዝናብ እንዳይመታው ያስገባውና ወረቀቱ በማግሥቱ ይሟላል። ይህ ልማድ በየትኛውም መመሪያ አልተጻፈም፤ ሆኖም ሥራው የሚሄደው በእርሱ ነው። ፕሮግራሙ በተተከለ ዕለት ንብረት ጠባቂው ኹለት ምርጫ ብቻ ይኖረዋል፤ ወይም መኪናውን ይመልሳል፣ ወይም ዱቄቱን አስገብቶ ሳይመዘግብ ይቀራል። ኹለተኛውን ከመረጠ ኮምፒዩተሩ «ዱቄት የለም» እያለ ዱቄቱ በግምጃ ቤት ይቀመጣል።

የኸርሺ ኩባንያ ኹለት ታሪኮች

ይህ የዱቄት ምሳሌ በትልቁ ሲሆን የምናየው በ1999 ዓ.ም. በአሜሪካ ኸርሺ የተባለው የቸኮላት ኩባንያ በደረሰበት ነገር ነው። ኩባንያው ከሦስት ልዩ ልዩ ድርጅቶች የተገዙ ፕሮግራሞችን በአንድነት ለመትከል 112 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ሥራው አራት ዓመት እንዲፈጅ ቢታሰብም የኮምፒዩተሮች የዘመን አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. ይዛባል የሚል ሥጋት ስለ ነበረ ጊዜው ወደ 30 ወር እንዲያጥር ተደረገ። ለመጀመር የታሰበው በሚያዝያ ነበር፤ ሥራው ስለ ዘገየ ግን ወደ ሐምሌ ተላለፈ። ሐምሌ ደግሞ ሱቆች በጥቅምት መጨረሻ ለሚከበረው የሃሎዊን በዓል ጣፋጭ ማዘዝ የሚጀምሩበት፣ ለኩባንያው ሥራ የሚበዛበት ወራት ነው።

ውጤቱ በሰፊው ተዘግቧል። ከረሜላውና ቸኮላቱ በመጋዘን ሞልቶ ሳለ 100 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚያወጣ ትእዛዝ ለደንበኞች ሳይደርስ ቀረ፤ የዚያም የሩብ ዓመት ትርፍ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት በ19 በመቶ ቀነሰ። ስለ ምክንያቱ ከተነገሩት አንዱ በተለይ ያስተምረናል። የበዓሉ ሰሞን ሲቃረብ የኩባንያው ሠራተኞች ምርቱን ባገኙት ባዶ ስፍራ፣ በተከራዩት መጋዘንና በፋብሪካው ትርፍ ክፍሎች ሳይቀር ማስቀመጥ ልማዳቸው ነበር። የቀድሞዎቹ ሠራተኞች ዕቃው የት እንዳለ ያውቃሉ። አዲሱ ፕሮግራም ግን እያንዳንዱ የማስቀመጫ ስፍራ አስቀድሞ እንዲነገረው ይፈልጋል፤ ያልተነገረውንም ስፍራ እንደሌለ ይቈጥረዋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአበው ምሳሌ እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ይኸው ኩባንያ የዚሁኑ የኤስ.ኤ.ፒ. ፕሮግራም አዲስ ዕትም በ2002 ዓ.ም. ተክሎ ፈጸመ። ሥራው 11 ወር ያህል ወሰደ፤ ከተመደበለትም ገንዘብ 20 በመቶ ያህል እንደ ተረፈ ተነግሯል። ኩባንያው አንድ ነው፤ ፕሮግራሙም ከአንድ ቤት የወጣ ነው፤ ልዩነቱ ሥራውን በመምራት ላይ ነበር። በኹለተኛው ጊዜ የሥራው ስፋት ተወስኖ፣ ፈተናውም ተጠናቆ፣ ሠራተኛውም ልማድ አግኝቶ ነበር። እርግጥ ነው፣ ያለውን ማደስ ከባዶ ከመትከል ይቀላል። ቢሆንም «ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው» ለሚል ሰው ይህ ኹለተኛው ታሪክ መልስ ይሆነዋል።

ማን ለማን ይታጠፍ?

ያልተጻፈው ሥራ ከተገለጠ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ይህ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ልማዱን ለፕሮግራሙ ይለውጥ ወይስ ፕሮግራሙ ለልማዱ ይስተካከል? ኹለቱም መንገድ ዋጋ አለው። ከኹሉ የሚከፋው ግን ሳይወስኑ መጀመር ነው።

ሊድል የተባለው የጀርመን የችርቻሮ ንግድ ድርጅት በ2011 ዓ.ም. የኤስ.ኤ.ፒ.ን ፕሮግራም መትከል ጀመረ። ድርጅቱ የዕቃ ክምችቱን የሚገምተው በተገዛበት ዋጋ ነበር፤ የፕሮግራሙ መደበኛ አሠራር ግን በሚሸጥበት ዋጋ መገመት ነበር። ድርጅቱ ልማዱን ለመለወጥ ስላልፈለገ ፕሮግራሙን ለእርሱ እንዲስማማ መቀየር እንዳስፈለገ ተዘግቧል። አንዱ ቦታ ሲነካ ሌላው እየተናጋ፣ ሥራው ሰባት ዓመት ከፈጀ በኋላ በ2018 ዓ.ም. እንዲቀር ተወሰነ፤ የወጣውም ገንዘብ 500 ሚሊዮን ዩሮ ያህል እንደ ሆነ በጋዜጦች ተጽፏል። የሊድል ልማድ በራሱ ስሕተት ነበር ማለት አይደለም፤ በገዢ ዋጋ የሚሠሩ ብዙ ነጋዴዎች አሉ። ይሁን እንጂ አንድ የዋጋ አገማመት ልማድ የሚያስከትለውን ወጪ አስቀድሞ መመዘን የአመራሩ ሥራ ነበር።

የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት ነገር ደግሞ ሕዝብን የሚነካ ስለ ሆነ ልዩ አስተውሎት ይገባዋል። ይህ የእንግሊዝ ከተማ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት ነው። ምክር ቤቱ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የቈየውን ፕሮግራም ትቶ ኦራክል የተባለው ኩባንያ የሠራውን ለመትከል አሰበ። የመጀመሪያው ዐሳብ ፕሮግራሙን እንዳለ ተቀብሎ አሠራሩን ለእርሱ ማስማማት ነበር። በሥራው መካከል ግን ነባሩ አሠራር እንዳይነካ እየተባለ ብዙ ለውጥ ተጨመረበት፤ ከእነዚህም አንዱ የባንክ ሒሳብን የሚያስታርቀው ክፍል ነበር። ፕሮግራሙ በሚያዝያ 2022 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይህ ክፍል በትክክል ስላልሠራ ሠራተኞች የገቢና የወጪ ሒሳቦችን በእጅ ለመደልደል ተገደዱ፤ ምክር ቤቱም በኦዲተር ሊረጋገጥ የሚችል የሒሳብ መግለጫ በጊዜው ማቅረብ ተሳነው። መጀመሪያ 19 ሚሊዮን ፓውንድ ተብሎ የታሰበው ወጪ ከ100 ሚሊዮን በላይ እንደሚደርስ ተገመተ።

በመስከረም 2023 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ገቢው ለወጪው እንደማይበቃ በሕግ በተወሰነው መንገድ አስታወቀ። የዚህ ዋናው ምክንያት በሴቶችና በወንዶች ሠራተኞች ክፍያ እኩልነት የተነሣ የተከማቸ ዕዳ መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ የፕሮግራሙ ወጪ ግን በችግሩ ላይ ተጨማሪ ሸክም ሆኗል። ከኹሉ ይልቅ የሚያሳዝነው በገንዘብ ጭንቅ ላይ ያለ መሥሪያ ቤት የገዛ ሒሳቡን አይቶ መወሰን አለመቻሉ ነው። በመጨረሻም ምክር ቤቱ ፕሮግራሙን ካለ ለውጥ፣ በመደበኛ መልኩ፣ እንደገና ለመትከል ወሰነ። ይኸውም በመጀመሪያ ወደ ታሰበው ዐሳብ መመለስ ነበር።

የሠራተኛው ድርሻ

ያልተጻፈውን ሥራ የሚያውቀው ሠራተኛው ነው ካልን፣ እርሱ ፈቅዶ ካልነገረን ከየትም አናገኘውም። በብዙ ቦታ ግን ሠራተኛው ለመናገር የሚከለክለው ምክንያት አለ። ዕውቀቱ መከበሪያውና የእንጀራው ዋስትና ነውና ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ራሱ የማያስፈልግ ይሆናል ብሎ ይሠጋል።

ፎክስሜየር የተባለው የአሜሪካ የመድኃኒት አከፋፋይ ኩባንያ በ1993 ዓ.ም. የኤስ.ኤ.ፒ.ን ፕሮግራምና በማሽን የሚሠራ አዲስ መጋዘን በአንድነት መትከል ጀመረ። ሊዘጉ የተወሰነባቸው አሮጌ መጋዘኖች ሠራተኞች ሥራቸውን እንደሚያጡ ስላወቁ ልባቸው ከሥራው እንደ ራቀ፣ ዕቃም እንደ ተበላሸና ትእዛዝም ሳይሞላ እንደ ተላከ ስለ ጉዳዩ የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ። በዚያም ላይ የቀድሞው ኮምፒዩተር በአንድ ሌሊት 420,000 ያህል የትእዛዝ መሥመሮችን ያስተናግድ ሲሆን አዲሱ በጅምሩ ከ10,000 ያህል አላለፈም ተብሏል። ኩባንያው በ1996 ዓ.ም. ከሰረ። የኪሳራው ንብረት ጠባቂ በ1998 ዓ.ም. ፕሮግራሙን የሸጠውንና ያማከረውን ኩባንያ እያንዳንዳቸውን በ500 ሚሊዮን ዶላር ከሰሰ። ለኪሳራው ሌላም የንግድ ምክንያት እንደ ነበረ ስለሚነገር ፕሮግራሙ ብቻውን ኩባንያውን ጣለ ብለን አንደመድምም።

ከዚህ በተቃራኒ የሚጠቀሰው ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በጥር 1994 ዓ.ም. አሮጌው ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ኩባንያው ለኹለት ቀን ያህል ሥራው በአብዛኛው ቆመ። ከዚያ በኋላ የኦራክልን ፕሮግራም ለመትከል 15 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦ ሥራው ዘጠኝ ወር ያህል ፈጅቶ በጥር 1995 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀመረ። የሲስኮ ዋና ጥበብ በሰው አመራረጥ ላይ ነበር። ለተከላው የተመደቡት ሥራ የፈቱ ሠራተኞች ሳይሆኑ የየክፍሉ ኀላፊ ሊለቃቸው የማይፈልጋቸው ምርጦች ነበሩ። እነርሱም ፕሮግራሙን ደረጃ በደረጃ በገዛ ሥራቸው እየፈተኑ የጐደለውን ለዩ። እንዲህም ተደርጎ ችግር አልታጣም፤ ኮምፒዩተሮቹ በሙሉ ጭነት ስላልተፈተኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራው ተጓተተ። ነገር ግን ውሉ የተፈረመው ኮምፒዩተሮቹ ሊያደርሱት ስለሚገባው ሥራ መጠን ስለ ነበረ ለተጨማሪው መሣሪያ ወጪውን የቻለው ሻጩ ነው።

ሲስኮ በዘጠኝ ወር ሲጨርስ ኸርሺ በ30 ወር መቸገሩ እንደሚያሳየን፣ ጊዜ ማጠር ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ጊዜው ሲያጥር የሥራው ስፋት ሳይቀነስ፣ ፈተናውም ሳይሟላ መቅረቱ ነው።

በአገራችን ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች

በውጭ አገር የተሠራ ፕሮግራም የውጭውን አገር ልማድ ይዞ ይመጣል። ከዚህ የተነሣ በኢትዮጵያ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ሊወስኑባቸው የሚገቡ ልዩ ነጥቦች አሉ።

የመጀመሪያው የዘመን አቈጣጠር ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። ሐምሌ 1 ቀን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጁላይ 8 ቀን ነው፤ ስለዚህ የሒሳብ ወራችን በእነርሱ ወር መካከል ይጀምራል። የጳጕሜን 5 ወይም 6 ቀኖች በየትኛው ወር ሒሳብ ውስጥ ይግቡ? በፈረንጅ የሠግር ዓመት ዋዜማ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ፈንታ በ12 ሲውል የወሮቹ መነሻ ቀን እንዴት ይስተካከል? እነዚህን የሒሳብ ሠራተኛ በወረቀት ላይ ሳያስበው ይፈታቸዋል፤ ለፕሮግራሙ ግን አንድ በአንድ ሊነገሩት ይገባል።

ኹለተኛው የሰው ስም ነው። ፕሮግራሙ የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ግን በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም እንጠራለን። አንዱ ክፍል የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም በዚያ ስፍራ ቢጽፍ አንድ ሠራተኛ ኹለት ሰው ይሆናል። በአማርኛ ሲጻፍም «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ስም ሲሆኑ ለኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ናቸው። የፊደል አጻጻፍ ሥርዐት ካልተወሰነ የደመወዝ ዝርዝሩ ከሠራተኛ መዝገቡ ጋር ላይገጥም ይችላል።

ሦስተኛው የወረቀቱ ነገር ነው። ሞዴል 19 እና የንብረት ወጪ ማድረጊያው ሞዴል 22 ፊርማ ያረፈባቸው ማስረጃዎች ናቸው። ፕሮግራሙ ከተተከለ በኋላ እነርሱ ይቀራሉ ወይስ ከኮምፒዩተሩ ይታተማሉ? ይህ ካልተወሰነ ሠራተኛው ኦዲተር ቢጠይቀኝ ብሎ ኹለቱንም መሥራቱ አይቀርም፤ ሥራውም በመቅለል ፈንታ እጥፍ ይሆናል።

የአመራሩ ቅደም ተከተል

ከላይ ከተመለከትናቸው ምሳሌዎች ተነሥተን የተከላው ሥራ በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢመራ ይበጃል እንላለን።

1ኛ፤ በክፍሎች መካከል ክርክር ሲነሣ ሊቈርጥ የሚችል ከፍተኛ ኀላፊ ሥራውን በስሙ ይቀበል። ለኮምፒዩተር ክፍል ብቻ የተተወ ተከላ ሒሳብ ክፍልንና ግዥ ክፍልን ሊያስታርቅ አይችልም።

2ኛ፤ ከየክፍሉ ዐዋቂ ሠራተኞች ይመረጡ፤ ከዕለት ሥራቸውም ይነሡ። የሥራ ዋስትናቸውም በምን ሁኔታ እንደሚጠበቅ በግልጽ ይነገራቸው።

3ኛ፤ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ከመመሪያ ሳይሆን ከግምጃ ቤቱ ደጃፍና ከገንዘብ ያዡ መስኮት ቆሞ በማየት ይጻፍ።

4ኛ፤ የመሥሪያ ቤቱ ልማድና የፕሮግራሙ ሥርዐት በሚለያዩበት ነጥብ ኹሉ ማን እንደሚታጠፍ፣ ስለ ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደሚያስወጣ ይመዝገብ። ፕሮግራሙን መለወጥ የሚፈቀደው ሕግ ሲያስገድድ ወይም ልማዱ ለሥራው በእርግጥ የሚጠቅም ሲሆን ነው።

5ኛ፤ ንብረቱ ይቈጠር፤ ተሰብሳቢውና ተከፋዩ ሒሳብ ይጣራ። የተበላሸ መዝገብ ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ቢገባ ስሕተቱ ይፈጥናል እንጂ አይድንም።

6ኛ፤ ያለፈ ወር እውነተኛ ሰነዶች እንዳሉ ተወስደው በሙሉ ብዛታቸው ይፈተኑ። የደመወዝ ሒሳብም ከአሮጌው ጋር ጐን ለጐን ተሠርቶ እስከ ሳንቲሙ ይተያይ።

7ኛ፤ የሚጀመርበት ቀን ሥራ በሚበዛበት ወራትና በበጀት መዝጊያ ሰሞን አይሁን። ከቀኑም በፊት ሊሟሉ የሚገባቸው ነገሮች በጽሑፍ ይወሰኑ፤ ካልተሟሉ ቀኑ ይተላለፍ።

8ኛ፤ ከተጀመረ በኋላ ቢያንስ አንድ የሒሳብ መዝጊያ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ረዳቶች ከሠራተኛው አጠገብ አይለዩ።

ማጠቃለያ

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ኢ.አር.ፒ.ን መትከል ከዕቃ ግዥ ይልቅ የሥራ ሥርዐትን እንደገና መመርመር መሆኑ ነው። ፕሮግራሙን ሻጩ፣ ምክሩንም አማካሪው ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ መሥሪያ ቤቱ ልማዱን ማወቁንና ስለ እርሱ መወሰኑን ግን ማንም ሊሠራለት አይችልም።

ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚታያቸው ይኖራሉ። ነገር ግን መዝገቡ በተዛባ ጊዜ ወሩ ሲያልቅ ደመወዙን የሚያጣው ሠራተኛ፣ መድኃኒቱም በመደርደሪያ ላይ እያለ «የለም» ተብሎ የሚመለሰው ሕመምተኛ ስለ ኮምፒዩተር ምንም የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ከእኛም መካከል ብዙዎቹ ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ ሥራ ስንሰማራ በእንዲህ ያለ የተከላ ኮሚቴ ውስጥ መቀመጣችን አይቀርም። ያን ጊዜ ከፕሮግራሙ መጽሐፍ አስቀድመን ንብረት ጠባቂውን ብንጠይቅ፣ መልሱንም በትዕግሥት ብንሰማ ብዙ ጥፋት ይድናል። ጓደኞቻችንም በየመሥሪያ ቤቱ ያለውን ያልተጻፈ ሥራ እየመረመሩ እንዲጽፉ፣ መምህሮቻችንም በዚህ ጽሑፍ የጐደለውን እንዲያርሙን በትሕትና እናሳስባለን።